ትልቅ ኮይልና የትከሻ ማንገቻ በቅርስ አሰሳ፦ ለእምባቦ፣ ለቦናያና ለነቀምቴው የኩምሳ ሞሮዳ ግቢ ያለው ተስማሚነት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ በትልቅ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) እና በትከሻ ማንገቻ ታግዞ ለቅርስ አሰሳ ሲውል የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ጉድለት በሦስት የወለጋ ሥፍራዎች አንጻር ይመረምራል። ትንታኔው በመግነጢሳዊ መስክ ስሌት፣ በአካባቢው አፈር ባሕርይና በሥፍራዎቹ የታሪክ መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። ውጤቱ ትልቅ ኮይል ለቦናያው የአውሮፕላን ስብርባሪ ተገቢ ምርጫ መሆኑን፣ ለእምባቦ የጦር ሜዳ ግን በመጀመሪያ ዙር ቢውል የታሪኩን ዋና ማስረጃ ሳይሰማ ሊያልፍ እንደሚችል ያሳያል።

መግቢያ

በምዕራብ ኢትዮጵያ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይልቅ በባህላዊ ወርቅ አምራቾች እጅ ይበልጥ ይታወቃል። ወርቅ ፈላጊው ኮይሉን የሚመርጠው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ምን ያህል ጥልቅ ይሰማል የሚለው ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ኮይል፣ ክብደቱንም ለመቻል ትከሻና ወገብ ላይ የሚታሠር ማንገቻ ተመራጭ ሆነዋል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ልማድ ሳይመረመር ወደ ቅርስ አሰሳ ሲሸጋገር ነው። ወርቅ ፈላጊ አንድ ትንሽ ነገር ቢያመልጠው የሚጎድልበት የአንድ ቀን ገቢ ነው። የጦር ሜዳ አጥኚ ግን ትንንሾቹን ነገሮች ካልሰማ «በዚህ ቦታ ውጊያ አልነበረም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያ ጽሑፍም ቦታው ለግንባታ ወይም ለእርሻ ማስፋፊያ ሲሰጥ እንደ ማስረጃ ሊጠቀስ ይችላል።

ለንጽጽር የተመረጡት ሦስት ሥፍራዎች የተለያየ ዓይነት ቅርስ የሚጠበቅባቸው ናቸው። የመጀመሪያው በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው እምባቦ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1882፣ ማለትም በ1874 ዓ.ም. በግንቦት ማብቂያ ላይ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ተዋግተዋል። በራስ ጎበና ዳጬ የተመራው የኦሮሞ ፈረሰኛ ለሸዋ ድል ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማርከዋል። ሁለተኛው በነቀምቴ አቅራቢያ ያለው ቦናያ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች እዚያ አርፈው በዚያው ሌሊት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች በነበሩበት የጥቁር አንበሳ ጦር ተጠቅተው ተቃጠሉ። ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ከሞቱት መካከል ሲሆኑ ከጥቃቱ የተረፉት ሚሲዮናዊው አባ ቦሬሎ ናቸው። ሦስተኛው በነቀምቴ ከተማ ውስጥ የሚገኘው የኩምሳ ሞሮዳ (በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) ቤተ መንግሥት ግቢ ነው።

ከእነዚህ ዘመናት የተረፈ ብረታ ብረት ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት የነቀምቴውን የወለጋ ሙዚየም መጎብኘት ይጠቅማል። እዚያ ለእይታ የቀረበው የጣሊያን ጦር አውሮፕላን ስብርባሪ፣ ለመፈለጊያ መሣሪያ አንድ ሞተርና አንድ የጥይት ቀለህ ምን ያህል የማይነጻጸሩ ዒላማዎች እንደሆኑ በዓይን ያስረዳል።

የኮይል መጠንና ጥልቀት

በክብ ኮይል መካከለኛ መስመር ላይ ያለው የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ የኮይሉ ራዲየስ ስኩዌር ለራዲየስና ለጥልቀት ስኩዌሮች ድምር አንድ ተኩል ርቢ ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር ተመጣጣኝ ነው። አንዱ ኮይል መላኪያም መቀበያም ሲሆን መስኩ ወደ ዒላማው ሲሄድም ሲመለስም በዚሁ ልክ ስለሚዳከም፣ ከትንሽ ዒላማ የሚመለሰው ምልክት የዚህ ቁጥር ስኩዌር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ጅረቱና የጥቅሉ ብዛት እኩል ተደርጎ ዲያሜትሩ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደበኛ ኮይል ዲያሜትሩ 46 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ትልቅ ኮይል ጋር ሲነጻጸር የሚከተለው ይገኛል። ዒላማው በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ትልቁ ኮይል የሚሰማው ምልክት ከትንሹ 76 በመቶ ብቻ ነው። በ13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። በ30 ሳንቲ ሜትር ትልቁ 3.3 እጥፍ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 4.4 እጥፍ ይበልጣል። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ኮይል ቢወሰድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በ40 ሳንቲ ሜትር ከመደበኛው ወደ 14 እጥፍ ገደማ ሲያሰማ በ10 ሳንቲ ሜትር ግን ከሩብ ያነሰ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ለአርኪዮሎጂ ያላቸው ትርጉም ከእርሻ ጋር የተያያዘ ነው። በበሬ የሚጎተተው ማረሻ አዘውትሮ የሚገለብጠው አፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይዘልም። በሜዳ ውጊያ የወደቀ አረር፣ ቀለህ፣ የልጓም ቁራጭ ወይም የጦር ጫፍ፣ ደለል ካልሸፈነው ወይም በሸርተቴ ካልተቀበረ በቀር፣ በዚህ የታረሰ ንብርብር ውስጥ ይንከራተታል። ትልቁ ኮይል የሚበልጥበት ጥልቀት የሚጀምረው እንግዲህ ብዙው የጦር ሜዳ ቅርስ በሚያበቃበት አካባቢ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ኮይሉ በሰፋ ቁጥር በሥሩ በአንድ ጊዜ የሚያልፉት ዒላማዎች ይበዛሉ፤ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተኙ ሁለት ቀለሆች በ28ቱ ሁለት ድምፅ ሲሰጡ በ46ቱ አንድ የተደበላለቀ ድምፅ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቀለሁ ጎን የቆርቆሮ ሚስማር ወይም የለስላሳ ቆርኪ ካለ ደግሞ፣ በወለጋ ከተሞች ዳርቻ ይህ የማይቀር ነው፣ መለየቱ ይበልጥ ይከብዳል።

የወለጋ አፈር የሚያስነሳው ጥያቄ

የወለጋ ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር በብረት ኦክሳይድ የበለጸገ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት ሄማታይትና ጎታይት ለመሣሪያው ብዙም ችግር አይፈጥሩም። ችግር የሚፈጥረው በጥቂቱም ቢሆን አብሮ የሚገኘው ማግሄማይት ነው፤ እጅግ ደቃቅ የሆኑት ቅንጣቶቹ መስክ ሲነሣባቸው ወዲያው ሳይሆን ቀስ እያሉ ይረጋጋሉ፣ ይህንንም መሣሪያው እንደ ብረታ ብረት ድምፅ ይሰማዋል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሁኔታው ሊከፋ ይችላል። ዩብዶ፣ የፕላቲኒየም ማዕድን የሚገኝበት ቦታ፣ ከብረትና ማግኒዥየም ከበለጸገ ዐለት የመጣ ላቴራይት የሸፈነው ነው። በዓለም የጂኦሎጂ መዝገበ ቃላት «ቢርቢራይት» የሚባለው ዐለትም ስሙን ያገኘው በዚያው አካባቢ ከሚፈሰው ከቢርቢር ወንዝ ነው። በዩብዶ የተስተካከለ መሣሪያ በእምባቦ እንዲሁ ያለ ለውጥ ይሠራል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ከአፈሩ የሚመጣው ምልክት፣ ኮይሉ ከመሬት የሚርቅበት ከፍታ ከመጠኑ ጋር ተመጣጥኖ ከተያዘ፣ ከራዲየሱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከ28 ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ሲኬድ የአፈሩ ድምፅ ወደ 1.6 እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ከላይ ካለው ጋር ሲጣመር፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ያለ ዒላማ ከአፈሩ አንጻር ያለው ብልጫ 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ያለው ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሻጮች ስለ ጥልቀት የሚናገሩት በአብዛኛው አፈሩን ሳይቆጥሩ ነው።

ብዙዎች ለዚህ መፍትሔ አድርገው የሚያዩት የምት መሣሪያን (ፐልስ ኢንዳክሽን) ነው። ይህ መሣሪያ ጅረቱን በድንገት ቆርጦ ከጥቂት ማይክሮሰከንድ በኋላ የሚቀረውን ያዳምጣል። አፈሩ ሲያስቸግር ማዳመጫውን ማዘግየት የተለመደ ምክር ነው። ምክሩ ግን ለሁሉም ዒላማ አይሠራም። ዲያሜትሩ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ አረር እንደ ሉል ተወስዶ ሲሰላ በውስጡ የሚፈጠረው ጅረት የሚከስምበት የጊዜ ልክ ወደ 18 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ማዳመጫው ከ10 ወደ 50 ማይክሮሰከንድ ቢገፋ የአረሩ ምልክት ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። የአፈሩ ምልክት በጊዜው ልክ ተገላቢጦሽ ስለሚቀንስ የሚወርደው ወደ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። አፈሩን ለመሸሽ የተደረገው መዘግየት እንግዲህ አረሩን ከአፈሩ ቀድሞ ያጠፋዋል። የአውሮፕላን ሞተር ብሎክ ወይም ወፍራም የብረት ቱቦ ግን የጊዜ ልኩ በሚሊሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ በመዘግየቱ አይነካም፤ እንዲያውም ከአፈሩ ጎልቶ ይወጣል። ትልቅ ኮይል ደግሞ ጥቅሉ ካልተቀነሰ በቀር ኢንዳክታንሱ ከፍ ያለ በመሆኑ የራሱ ጅረት እስኪከስም ድረስ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ማለትም ሠሪው ባይፈልግም ማዳመጫውን ያዘገያል። ትልቅ ኮይል ለአረር የማይመችበት ምክንያት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በጊዜውም ጭምር ነው።

የማንገቻው ድርሻ

ማንገቻ ድካም ለመቀነስ ብቻ የሚደረግ ተጨማሪ ዕቃ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው፤ ማንገቻ የመለኪያው ጥራት አካል ነው። ከክንድ መያዣው 1.1 ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ 1 ኪሎ ግራም ኮይል በእጅ አንጓ ላይ ወደ 10.8 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የማዞር ኃይል ያሳርፋል። ሠሪው ይህን ተሸክሞ ለሰዓታት ሲወዘውዝ በመጀመሪያ የሚበላሸው የኮይሉ ከፍታ ነው፤ በውዝዋዜው ሁለት ጫፎች ላይ ኮይሉ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይነሳል። በ46 ሳንቲ ሜትር ኮይል ከ30 ወደ 35 ሳንቲ ሜትር የራቀ ዒላማ ምልክቱ ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። በትልቅ ኮይል የተገኘው ብልጫ ግማሽ ያህሉ በደከመ ክንድ ይጠፋል ማለት ነው። ከፍታው በተለዋወጠ ቁጥር የአፈሩ ድምፅም ስለሚለዋወጥ ሠሪው የሚሰማው የራሱን ክንድ እንጂ መሬቱን አይሆንም።

ከትከሻ የሚወርደው ላስቲክ ገመድ የት እንደሚታሠር ወሳኝ ነው። ከእጅ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢታሠር ያንን የማዞር ኃይል ለመቻል የ5.5 ኪሎ ግራም ያህል ጉተታ ያስፈልገዋል፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢታሠር ግን 2.2 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃዋል። በሁለተኛው አሠራር ክንዱ ኮይሉን ከማንሳት ነጻ ሆኖ ዘንጉን በራሱ ክብደት በቀላሉ ወደ ታች መጫንና መምራት ብቻ ይቀረዋል። ገመዱ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ሲሄድ ደግሞ የውዝዋዜውን ስፋት ያጠባል። የጉዱሩን ዓይነት ተዳፋት ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በአግድም ሲወዘወዝ የገመዱ ርዝመት ለሽቅቡ ጎን ይረዝማል፣ ለቁልቁለቱ ጎን ያጥራል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ መስመሮቹ ወደ ሽቅብና ቁልቁለት ቢዘረጉና ርዝመቱ በየመስመሩ ቢስተካከል ይሻላል። ባትሪውና የብረት መቆለፊያዎች በወገብ ወይም በጀርባ እንጂ በኮይሉ አቅራቢያ መቀመጥ የለባቸውም።

በሦስቱ ሥፍራዎች ሲተገበር

እምባቦ። ሁለቱም ሠራዊት ጠመንጃ ነበራቸው፤ ፈረሰኛው ደግሞ ጦርና ጋሻ ይዞ ነበር። የሚጠበቀው ቅርስ ትንሽ፣ የተበታተነና ለላዩ የቀረበ ነው። እንዲህ ያለ ሥፍራ በምን መንገድ እንደሚነበብ ያሳየው በአሜሪካ ሞንታና እ.ኤ.አ. የ1876ቱ የሊትል ቢግሆርን ጦርነት ሜዳ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። በ1983 እሳት ሣሩን ካቃጠለ በኋላ ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ በ1984 እና በ1985 በብረታ ብረት መፈለጊያ ሜዳውን አሰሱ፤ እያንዳንዱ ቀለህና አረር የተገኘበት ነጥብ ተመዘገበ፤ ቀለሆቹ ላይ የመርፌ ምት የተወው ምልክት ተነጻጽሮ የአንዳንድ ጠመንጃዎች እንቅስቃሴ በሜዳው ላይ ሊከተል ቻለ። ለዚያ ጥናት ዋጋ የሰጠው የነገሮቹ ጥልቀት ሳይሆን የአቀማመጣቸው ሥርዓት ነበር። በእምባቦም የጎበና ፈረሰኛ በየት በኩል እንደገባና የጎጃም ተኳሽ የት እንደቆመ ሊናገሩ የሚችሉት ቀለሆችና አረሮች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ 28 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ኮይል ጠባብ በሆኑ መስመሮች ሊሄድ ይገባል። ትልቁ ኮይል የሚመጣው ደለል በተከማቸባቸው የሸለቆ ግርጌዎች ብቻ ነው። በወለጋ ቱምቱ ይባሉ የነበሩት ቀጥቃጮች የተዉት የብረት ዝቃጭም በአንዳንድ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል፤ እርሱም ራሱን የቻለ ቅርስ ስለሆነ እንደ ቆሻሻ መጣል የለበትም።

ቦናያ። እዚህ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። በዚያ ዘመን የብዙ የጣሊያን አውሮፕላኖች አካል ከብረት ቱቦ፣ ከሸራና ከስስ እንጨት ይሠራ ነበር፤ ቃጠሎ ሸራውንና እንጨቱን ሲያጠፋ ቱቦውንና ሞተሩን ይተዋል። ከላይ የነበረውን ብረት ሰው ለዕቃ መሥሪያ ሊያነሳው ስለሚችል የቀረው ከባዱ ወይም የተቀበረው ነው። ለዚህ ዓይነት ዒላማ 46 ሳንቲ ሜትር፣ ካስፈለገም 1 ሜትር ኮይል፣ የዘገየ ማዳመጫና በጥሩ ሁኔታ የታሠረ ማንገቻ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ትልቅ ኮይል በጉልህ የሚሰማው ጥልቅና ግዙፍ ብረት በጦርነት ሥፍራ ያልፈነዳ ቦምብም ሊሆን ይችላል። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች የሚሰማ ትልቅ ድምፅ የፈንጂ ባለሙያ ሳይኖር መቆፈር የለበትም። ይህን እንደ መመሪያ አንቀጽ ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ ካለ ከመስክ ቢቀር ይሻለዋል።

የኩምሳ ሞሮዳ ግቢ። በከተማ መሐል የሚገኝ ሥፍራ ላይ ሦስተኛ ጠላት ይጨመራል፤ እርሱም የመብራት መስመር ረብሻ ነው። ኮይሉ የሚቀበለው የውጭ ረብሻ ከስፋቱ ጋር ስለሚያድግ ከ28 ወደ 46 ሲኬድ 2.7 እጥፍ ይሆናል። በ30 ሳንቲ ሜትር የተገኘው 3.3 እጥፍ ምልክት በዚህ ሲካፈል ትርፉ 1.2 እጥፍ ብቻ ነው፤ ለዚያ ትርፍ 1 ኪሎ ግራም መሸከም አያዋጣም። በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተጠቀለለ ኮይል የሩቁን ረብሻ በሁለቱ ክፍሎቹ ስለሚያጣፋ በግቢው ውስጥ ከትልቅ ክብ ኮይል ይመረጣል። በተጨማሪም ግቢው የመኖሪያና የአስተዳደር ቦታ ስለነበር ንብርብሮቹ በማረሻ አልተገለበጡም፤ አንድን ነገር ተከትሎ የሚቆፈር ጉድጓድ የዘመን ቅደም ተከተሉን ይቆርጣል። እዚህ መሣሪያው የሚያገለግለው የመቆፈሪያ ቦታን ለመምረጥ እንጂ ዕቃ ለማውጣት አይደለም።

የሕግ ማዕቀፍና የመስክ አሠራር

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ፍለጋና ጥናት በፈቃድ እንዲካሄድ ያዝዛል። በማዕድን ፍለጋ፣ በመንገድ ወይም በቤት ሥራ ላይ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለባለሥልጣኑ ወዲያውኑ የማሳወቅና ባለበት ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት። ሁለተኛው ድንጋጌ ለወለጋ ልዩ ክብደት አለው። ትልቅ ኮይል ይዞ ወርቅ የሚፈልግ ሰው በአንድ ቀን ከአንድ የምርምር ቡድን የበለጠ መሬት ሊያዳምጥ ይችላል፤ ያረጀ ነሐስ ወይም ብረት ሲያገኝ እንደ ጥቅም የለሽ ቁራጭ ወደ ጎን ይጥለዋል። ለእነዚህ ሰዎች የቅርስ ምልክቶችን የሚያሳይ ትምህርት መስጠት ከአዲስ መሣሪያ ግዢ ይልቅ በርካሽ ብዙ መረጃ ያስገኛል።

በመስክ ላይ የሚከተለው አሠራር ይመከራል። የእያንዳንዱ ድምፅ ነጥብ በጂፒኤስ ይመዝገብ፤ ከነጥቡ ጋርም የኮይሉ ዲያሜትር፣ የማዳመጫው ጊዜ፣ ከመሬት ያለው ከፍታና ሠሪው በማንገቻ ይሠራ እንደነበር አብሮ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ በሁለት ዓመት ልዩነት በሁለት ቡድን የተሠሩ ካርታዎች ሊነጻጸሩ አይችሉም፤ ባዶ የመሰለው ጥግ በእርግጥ ባዶ ይሁን ወይም ኮይሉ ያልሰማው ይሁን መለየት ያዳግታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዚያው ሥፍራ አፈር ውስጥ የእርሳስ አረርና የነሐስ ቀለህ የሚመስሉ ዘመናዊ ናሙናዎች በ10፣ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ተቀብረው በሁለቱም ኮይሎች ይፈተሹ፤ ውጤቱም ከካርታው ጋር ይያያዝ። ከታረሰው ንብርብር በታች የሚሰማ ድምፅ፣ የቁፋሮ ፈቃድና የአርኪዮሎጂ ባለሙያ በቦታው እስኪገኙ ድረስ፣ በነጥብና በጥልቀት ግምት ብቻ ተመዝግቦ ባለበት ይቆይ።